«ተጽፏል» የሚለው ቃል፦ የከርነል ማከማቻ ኮድ የእርማት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «ይህ የታሪክ ንግግር ነው ወይስ የኮምፒውተር?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሁለቱም ነው አልኩት። በሥርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ መረጃን ዲስክ ላይ የሚያኖረው ኮድ ሲለወጥ ለውጡን ማን ያርመዋል? በምንስ መለኪያ? ጥያቄው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ እኛን በተለይ የሚመለከትበትም ምክንያት አለ፤ እርሱን በመካከሉ አመጣዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ያደግሁት ጣራ ገዳም ሥር ነው። ከወረታ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ጨርሶ ወደ አዲስ ዘመን ሲቃረብ ደን ለብሶ የሚያገኘው ከፍታ እርሱ ነው። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊት ይጽፉ ነበር። የእኔ ድርሻ አብነቱን፣ ማለትም የሚገለበጥበትን መጽሐፍ፣ ይዤ ጮክ ብዬ ማንበብ ነበር፤ እርሳቸው አዲሱን ቅጂ በጣታቸው እየተከተሉ ያዳምጣሉ። ፊደል ከተሳሳተ በምላጭ ይፋቃል፤ ቃል ከተዘለለ በሁለት መስመሮች መካከል በቀጭኑ ይገባል። የጻፈ ሰው ብቻውን አያርምም ይሉ ነበር፤ ዓይኑ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ጻፍኩ ያለውን ነውና።

ዛሬ በሙያችን ቋንቋ ይህን ሥራ «የኮድ ግምገማ» ይሉታል። ቃሉን አልወደውም። በእኔ ዕድሜ ላለ ኢትዮጵያዊ ግምገማ ሲባል ትዝ የሚለው ስብሰባ ነው፤ የሚገመገመውም ሰው ነው። እዚህ የሚመረመረው ጽሑፍ ስለሆነ ሥራውን እርማት፣ ሠሪውን አራሚ እላለሁ። ተማሪዎቼ ለምደውታል፤ እናንተም ለአንድ ሰዓት ብትታገሡኝ አይከብዳችሁም።

ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ፕሮግራም ከርነሉን «ይህን ጻፍ» ብሎ ሲያዘው ከርነሉ ወዲያው «ጽፌያለሁ» ይላል። በዚያች ቅጽበት ግን መረጃው ያለው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ዲስክ ቀርፋፋ ስለሆነ ከርነሉ ጽሑፉን ሰብስቦ፣ አደራጅቶ፣ ከሴኮንዶች በኋላ ያወርደዋል። በመካከሉ መብራት ከጠፋ የተጻፈው አልተጻፈም። ይህ ለሚያሳስበው ፕሮግራም ኤፍሲንክ የሚባል ጥሪ አለ፤ ትርጉሙም «ዲስክ ላይ መድረሱን ሳታረጋግጥ አትመልስልኝ» ማለት ነው። እንግዲህ ከርነሉ «ጽፌያለሁ» ሲል ለማን፣ ምን ያህል ቃል ገባ? የማከማቻ ኮድ አራሚ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የተለወጡትን መስመሮች ማንበብ ይችላል፤ መስመሮቹ የሚጠብቁት ቃል ግን ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ተጽፎ አልተገኘም። ቃሉ የታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ የዚህ ኮድ ስሕተት ይተኛል። የስክሪን ኮድ ሲሳሳት ስክሪኑ ይጨልማል፤ የድምፅ ኮድ ሲሳሳት ድምፁ ይቋረጣል። ፋይል ግን ዛሬ ተበላሽቶ የሚከፈተው በሚመጣው ዓመት ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያው የተበላሸው ቅጂ ደህናውን መጠባበቂያ ተክቶት ይሆናል።

መነሻውን በአጭሩ ልናገር። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምሩ የተጠቀሙት የሚኒክስን የፋይል ሥርዓት ነበር። ያ ሥርዓት ከ64 ሜጋባይት የበለጠ ዲስክ አይችልም፤ የፋይል ስምም ከ14 ባይት አያልፍም። ለተማሪዎቼ የወሰኑን ጥበት የማሳያቸው በራሳችን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ጣራ ገዳም» አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 16 ባይት ይሆናል። ያደግሁበት ቦታ ስም በዚያ ሥርዓት ውስጥ አይገባም ነበር ማለት ነው። ዛሬ በምንጠቀምባቸው በኤክስት ወገኖችም ወሰኑ 255 ባይት ስለሆነ፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ 255 ፊደል የሚሆነው ለእኛ 85 ነው። ወሰኑን ሲያወጡ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ በእኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

ሬሚ ካርድ በ1992 ኤክስት የተባለውን ሥርዓት፣ በጃንዋሪ 1993 ደግሞ ከቴዎዶር ጾና ከስቲቨን ትዊዲ ጋር ሆነው ኤክስት2ን አወጡ። በእነዚያ ዓመታት የታወቀ የእርማት ሥርዓት አልነበረም። ለውጥ በኢሜይል ይላካል፤ ቶርቫልድስ ካመኑበት ያስገቡታል፤ ካላመኑበት ብዙ ጊዜ መልስም የለም።

ኤክስት2 አንድ ከባድ ድካም ነበረበት። ኃይል በድንገት ከተቋረጠ በኋላ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ያስፈልገው ነበር። ትዊዲ በ1998 ያቀረቡት መፍትሔ ነጋዴዎች ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ ሒሳቡ ወደ ዋናው መዝገብ ከመዛወሩ በፊት በዕለት መዝገብ ይሰፍራል። በዕለት መዝገቡ ላይ የተሟላው ለውጥ ይፈጸማል፣ ያልተሟላው ይተዋል። ይህ ኤክስት3 የተባለው ሥርዓት በኖቬምበር 2001 በከርነል 2.4.15 ገባ።

ያው 2.4.15 ግን ሌላ ነገርም ይዞ ወጣ። ዲስክ ከሥርዓቱ ሲላቀቅ የፋይል ሥርዓቱን የሚያበላሽ ስሕተት ነበረበት። የተለቀቀው ኖቬምበር 23 ነው፤ የታረመው 2.4.16 የወጣው ኖቬምበር 26። ይህን ያወጡት የ2.4ን ጥበቃ ከቶርቫልድስ ገና የተረከቡት ብራዚላዊው ማርሴሎ ቶሳቲ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከሃያ በታች ነበር፤ ይህን ለተማሪዎች ሆን ብዬ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ቀን አጭር ጊዜ ይመስላል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ማሽኑን ለዘጋ ሰው ግን አጭር አልነበረም።

አሁን ብዙ ልቆይበት ወደምፈልገው ዓመት፣ ወደ 2009፣ ደረስኩ።

ኤክስት4 በዲሴምበር 2008 በ2.6.28 ለሥራ ዝግጁ ተብሎ ወጣ። ይዞት ከመጣው አዲስ ነገር አንዱ የቦታ ድልደላን ማዘግየት ነበር። ፕሮግራሙ ሲጽፍ ከርነሉ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የት እንደሚያርፍ ወዲያው አይወስንም፤ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጠብቆ በአንድ ላይ ያሳርፈዋል። ፍጥነት ይገኛል፤ ፋይሉም አይበታተንም። ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ አራሚ ነውር አያገኝበትም። ፖዚክስ የተባለው መለኪያም ኤፍሲንክ ላልጠራ ፕሮግራም ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ኤክስት3 በተለመደው አሠራሩ መዝገቡን በየአምስት ሴኮንዱ ይዘጋ ነበር፤ የፋይሉ ለውጥ ከመመዝገቡ በፊትም ይዘቱ ዲስክ ላይ እንዲወርድ ያደርግ ነበር። ይህን ማንም ቃል አልገባም፤ የአሠራሩ ጠባይ ሆኖ የተገኘ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን ሳያውቁት ለዓመታት ተደገፉበት። ስለዚህ አዲሱን ሥርዓት ቀድመው የሞከሩ ሰዎች ማሽናቸው በድንገት ቆሞ ሲነሣ የቅንብር ፋይሎቻቸው ባዶ ሆነው ተገኙ። ጾ ኮዱ መለኪያውን እንደሚጠብቅ፣ ፕሮግራሞቹም ኤፍሲንክ መጥራት እንደነበረባቸው አስረዱ። የሌላው ወገን መልስ «ትናንት ይሠራ የነበረ ዛሬ ፋይሌን ካጠፋ መለኪያው ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ፣ እኔ ወረታ ነበርኩ። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። በየትኛው ዓመት ውኃው የት እንደ ደረሰ፣ የትኛው መንደር እንደ ለቀቀ፣ ከብቱ ወዴት እንደ ተነዳ ከሽማግሌዎች እየጠየቅሁ እጽፍ ነበር። ጽሑፉን የሚያስቀምጠውን ትንሽ ፕሮግራም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ከርነሉንም፣ ያው 2.6.28ን፣ ራሴ ነበርኩ ያጠናቀርኩት። ፕሮግራሜ አሮጌውን ፋይል ባዶ ያደርግና አዲሱን ይጽፍበታል፤ ኤፍሲንክ አይጠራም። አንድ ማታ አስቀምጬ ገና ከወንበሬ ሳልነሣ መብራት ሄደ።

በማግሥቱ ስከፍት ፋይሉ ነበረ። ስሙ ነበረ፤ የተቀመጠበት ሰዓትም ነበረ። መጠኑ ዜሮ ባይት ነው። የሦስት ሳምንት ቃለ መጠይቅ ነበር፤ ፍላሽ ላይ የነበረኝ ቅጂ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ የያዘ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? በመለኪያው መሠረት የእኔ ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ሴኮንድ ትንሽ ጊዜ ነው የሚለው ግምት ከየት መጣ? በወቅቱ በተካሄደው ክርክር ማሽን በድንገት ስለሚቆምበት ምክንያት ጎልቶ የተነሣው የስክሪን ካርድ ሾፌር ኮድ መበላሸት ነበር። ይህ መብራት ብርቅ ሆኖ የሚጠፋበት አገር ሰው የሚያውቀው አደጋ ነው። ወረታ ላይ በክረምት ማታ የሚሠራ ሰው የሚያውቀው አደጋ ሌላ ነው፤ ለእርሱ የኃይል መቋረጥ የሥራው አካል እንጂ ልዩ አጋጣሚ አይደለም። አራሚ ለውጥን ሲመዝን የሚመዝንበት ድንጋይ ከራሱ ኑሮ የተወሰደ ነው። ኮዱ ግን ሁላችንም ዘንድ ይደርሳል።

ጾ መርሃቸውን ሳይተዉ ኮዱን ለወጡት። ከ2.6.30 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም ፋይልን ባዶ አድርጎ እንደገና ሲጽፍ፣ ወይም አዲስ ፋይል በአሮጌው ስም ሲተካ፣ ኤክስት4 ይህን ለይቶ ይዘቱን ሳያዘገይ ወደ ዲስክ ይልካል። ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ አደጋውን ግን እጅግ ያጠበዋል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ለሰነፍ ፕሮግራም ጸሐፊ እጅ መስጠት ይሉታል። እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ሺህ ሰው የተደገፈበት ግድግዳ በንድፉ ላይ ባይኖርም፣ ከማፍረስ በፊት የተደገፈውን ማየት ይገባል። 2.6.30 የወጣው በሰኔ መጀመሪያ ነበር፤ የእኔ ፋይል ከመጥፋቱ ከወር በላይ ቀድሞ። በነበረኝ የኢንተርኔት መስመር አላወረድኩትም ነበር።

ስለ ፊርማ ጥቂት ልጨምር። በከርነል ሥራ ፊርማ የተጀመረው ለጥራት ታስቦ አይደለም። ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ በ2003 አይቢኤምን ከከሰሰ በኋላ የኮዱን ምንጭ ማስረዳት ስላስፈለገ፣ በ2004 እያንዳንዱ ለውጥ የላኪውንና ያለፈባቸውን ሰዎች ፊርማ እንዲይዝ ተደረገ። የአራሚ ፊርማ በራሱ መግለጫ የተደነገገው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው። ፈራሚው ለውጡን በሙያው መመርመሩን፣ ያየውን ጉድለት ለጸሐፊው መንገሩንና በተሰጠው መልስ መርካቱን፣ ለውጡም ጠቃሚና ከሚታወቅ ጉድለት ነጻ ነው ብሎ ማመኑን ይገልጻል፤ ግን እንደታሰበው ይሠራል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። አጎቴ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን ጽፈው አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይለምኑ ነበር። የሁለቱ መንፈስ ብዙም አይራራቅም።

አራሚ ዓይኑን የት ላይ ቢያሳርፍ ይሻላል? የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባቀረቡት ጥናት የስድስት የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶችን 5079 ለውጦች፣ የስምንት ዓመት ሥራ፣ አንድ በአንድ አንብበው ነበር። ከለውጦቹ 40 በመቶ የሚጠጋው ስሕተት ለማረም የተደረገ ነው። ከስሕተቶቹም 40 በመቶ የሚጠጋው የተገኘው ነገር ሲበላሽ ብቻ በሚሠራው ኮድ ውስጥ ነው፤ ዲስኩ እምቢ ሲል፣ ማኅደረ ትውስታ ሲያልቅ፣ ሥራው በመካከል ሲቋረጥ። የፋይል ሥርዓት ሲያረጅ ስሕተቱ እየጠፋ ይሄዳል የሚለውን እምነትም ጥናቱ አልደገፈውም። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን የሚኬድበት መንገድ በየቀኑ ስለሚረገጥ ይጠራል። የብልሽቱ መንገድ ላይ ሣር ይበቅላል።

ለዚህ የ2018ቱን ነገር ያህል ጥሩ ማስረጃ አላውቅም። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ፣ ጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የሚሠራበት ማለት ነው፣ በኤፍሲንክ ላይ ተደግፎ የኖረ ሥራ ነው። ኤፍሲንክ ስሕተት ከመለሰለት እንደገና ይሞክር ነበር፤ ሁለተኛው ከተሳካ ይቀጥል ነበር። በዚያ ዓመት ክሬግ ሪንገር የተባሉ ባለሙያ በሊኑክስ ላይ ሁለተኛው ሙከራ የሚሳካው በሐሰት መሆኑን ለባልደረቦቻቸው አሳወቁ። ከርነሉ ጽሑፉን ማውረድ ሲያቅተው ስሕተቱን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ያልወረደውን ገጽ ግን «ንጹሕ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሁለተኛው ጥሪ የሚያወርደው ነገር ስለማያገኝ «ተሳክቷል» ይላል። መረጃው የለም።

የከርነል ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ፍላሽ ተነቅሎ ቢወሰድ ለእርሱ የተጻፈውን ሁሉ ለዘላለም ይዞ መቆየት ማኅደረ ትውስታውን ያስጨንቃል። የዳታቤዝ ሰዎችም ምክንያት ነበራቸው። ሁለቱም ኮዳቸውን በየበኩላቸው አሳርመዋል፤ የሁለቱን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንተ ያልከውና እርሱ የሰማው አንድ ነው ወይ?» ያለ ሰው ግን ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አልተገኘም። ፖስትግሬስኪውኤል በፌብሩዋሪ 2019 ባወጣው እርማት ኤፍሲንክ አንድ ጊዜ ከወደቀ እንደገና መሞከሩን ትቶ ራሱን ያቆማል፤ ከራሱ መዝገብም ይመለሳል።

የመጨረሻው ነገር የዲሴምበር 2023 ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የአጎቴን ቤት የሚያስታውሰኝ። በአዲሱ ከርነል ላይ በኤክስት4 የተደረገ አንድ ትክክለኛ እርማት ነበር፤ በቀጥታ ወደ ዲስክ የሚጽፉ ፕሮግራሞችን የሚመለከት። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጣቸው አሮጌ ከርነሎችም እርማት ስለሚያስፈልጋቸው ይህ ለውጥ ወደ 6.1 ተወስዶ በ6.1.64 ወጣ። ነገር ግን ለውጡ የሚደገፍበት ሌላ ለውጥ ነበር፤ እርሱ በ6.1 ውስጥ አልነበረም። ውጤቱ በፋይሉ ውስጥ ቀጣዩ ጽሑፍ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክተው ቁጥር ያለ ቦታው እንዲገኝ አደረገ፤ ፋይልም ሊበላሽ ቻለ። ምክንያቱን ጃን ካራ አስረዱ። የዴቢያን ሰዎች ዲሴምበር 9 ሊያወጡት የነበረውን 12.3 አቁመው በማግሥቱ በታረመው ከርነል 12.4ን አወጡ።

አጎቴ አንድ ጊዜ ከሌላ አብነት ላይ ያዩትን እርማት በእጃቸው ወዳለው መጽሐፍ አስገቡ። እርማቱ ትክክል ነበር። በእጃቸው ባለው መጽሐፍ ግን ያው ቃል ከሁለት መስመር በታች ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ ሐረጉ ሁለት ጊዜ መጣ። እርሳቸው ምላጩን አንሥተው «አየህ፣ ትክክሉን ቃል ከማያውቀው ገጽ አስቀመጥኩት» አሉ። የ6.1.64ን ለውጥ ያነበበ ሰው የለም ማለት አይደለም። የተነበበው ግን መጀመሪያ በተጻፈበት ገጽ ላይ ነበር።

ለተማሪዎች ስለሥራው ልናገርና ላብቃ። በዚህ ሴሚስተር የፋይል ሥርዓት ትምህርት ላይ የላቦራቶሪው ሥራ ማሽኑ እየጻፈ ሳለ መሰኪያውን መንቀል ነው። ነቅላችሁ፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ የቀረውንና የጠፋውን ትመዘግባላችሁ፤ ከዚያ ተመሳሳዩን በአሮጌው 2.6.28 ላይ ትደግማላችሁ። መብራት ራሱ ከጠፋ ሙከራው ይቆጠራል። ያገኛችሁትን ልዩነት በኮዱ ውስጥ የትኛው መስመር እንዳመጣው ታሳዩኛላችሁ፤ ያልገባችሁን ለውጥ ፈርማችሁ እንዳታመጡልኝ።

ያ ዜሮ ባይት ፋይል አሁንም አለኝ። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ፎገራ ተመልሼ ከሽማግሌዎቹ አብዛኞቹን እንደገና አገኘኋቸው፤ ታግሠው ደግመው ነገሩኝ። የርብ ውኃ ከሁሉ በላይ የወጣበትን ዓመት ያጫወቱኝ አባት ግን በዚያው ክረምት አርፈው ነበር። ከእርሳቸው የቀረኝ የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ነው።

ጥያቄ ያለው ካለ እቀበላለሁ።